ስለ ቡና ሽታና ሽታን ስለሚለካው መሣሪያ

በየዞኑና በየወረዳው የእርሻ ሥራ አደራ የተሰጣችሁ ሹማምንትና ባለሙያዎች ሆይ፤

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በጠረጴዛዬ ላይ ከሚያልፉት የግዢ መጠየቂያ ደብዳቤዎች መካከል የአንድ ዐዲስ ዕቃ ስም ሲጠራ አያለሁ። አንዳንዱ «የጋዝ ሴንሰር» ይለዋል፤ ሌላው «የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ» ይለዋል፤ አንዱ ደግሞ አሳጥሮ «የቡና ማሽተቻ» ብሎ ጽፎ ነበርና እኔን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ይህ የመጨረሻው ስም ነው። የተጠየቀበት ምክንያት ግን በሁሉም አንድ ነው፤ ይኸውም «የሚሸት ቡና ከማይሸተው ለይቶ ደረጃ ለመስጠት» የሚል ነው። እኔ ወረቀት የማሳልፍ ጸሐፊ እንጂ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን የተወለድሁት ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሰቃ፥ በቡና ጥላ ሥር ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ዝም ብል የበላሁትን እንጀራ መካድ ይመስለኛል። አሳቤም ይህ ነው፤ መሣሪያው መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የምንገዛው ለማይችለው ሥራ ነው፤ የሚችለውን ሥራ ደግሞ ማንም አላዘዘውም።

በልጅነቴ ያየሁትን አስቀድሜ ልናገር። አጎቴ በዚያን ዓመት የለቀመውን ቡና በጀንፈሉ አድርቆ፥ ስድስት ፈረሱላ ያህል በጆንያ ሞልቶ፥ በሁለት አህያ ጭኖ ወደ ገበያ ወሰደው፤ እኔም አህዮቹን እየነዳሁ አብሬው ሄድሁ። ገዢው አንድ እፍኝ ዘግኖ ወደ አፍንጫው አስጠጋና «ላምባ ላምባ ይላል» ብሎ መልሶ ከጆንያው ላይ በተነው። አጎቴም «ጌታዬ፥ ላምባው የታል? አሳየኝ» ቢለው፥ ሰውየው «ሽታ ይታያል እንዴ!» ብሎ ሳቀበት። ቡናው ከዋጋው ሲሶው ጐድሎ ተሸጠ። ስንመለስ አጎቴ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቤት በደረስን ጊዜ ግን ባዶውን ጆንያ አንሥቶ በአፍንጫው ላይ አድርጎ ደጋግሞ ሲያሸት አየሁት። በእውነት ላምባ ነበረበትን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆንያው ከመሞላቱ በፊት የመብራቱ ላምባ በሚቀመጥበት ጥግ ተጥሎ እንደ ነበር አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነግራኛለች። ስለዚህ ገዢው ዋሽቶም ይሆናል፥ እውነት ተናግሮም ይሆናል። ክፉው ነገር በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ምስክር አለመኖሩ ነው።

ዛሬ ነገሩ ከዚያ ዘመን ተሻሽሏል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ እርሱ ከገባ ወዲህ፥ ጅማን ጨምሮ በቡና አብቃይ ከተሞች የደረጃ መመርመሪያ ክፍሎች ተቋቁመው፥ ቡናው የማን መሆኑን በማያውቁ ሰዎች እንዲመረመር ሆኗል። በዚያ ሥርዓት ያልታጠበ ቡና ሲመረመር ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፥ 60ው ለስኒው ቅምሻ ነው። ከጥሬው 40 ነጥብ ደግሞ 30ው ለተበላሸ ፍሬ ሲታሰብ 10ሩ ለሽታ ብቻ ተለይቷል። ሽታው ንጹሕ የሆነ 10ሩን ሁሉ ይቀበላል፤ ጽኑ ክፉ ሽታ ያለበት ምንም አያገኝም። ይህም ብቻ አይደለም፤ በጥሬው የተሸተተው ነገር ተቆልቶ ተፈልቶም በስኒው ውስጥ ስለሚከተል፥ ባላገሩ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይቀጣል። እንግዲህ ሽታ የደስታና የጨዋታ ነገር አይደለም፤ በገንዘብ የሚቈጠር ነገር ነው። በመመርመሪያው ክፍል ዓይነ ስውር ፍርድ ቢኖርም፥ ባላገሩ ቡናውን አስቀድሞ በሚያስረክብበት በሰብሳቢው ደጅ ግን ፈራጁ ዛሬም አንድ አፍንጫ ነው።

ሽታ ማለት ምንድር ነው? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በክፍሉ ማዕዘን ቆሞ የአሞንያ ጠርሙስ ይከፍትና «በአፍንጫችሁ ሲደርስ እጃችሁን አንሡ» ይለን ነበር። እጆች ከፊት ወንበር ጀምረው እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይነሡ ነበር። ከዚያ በፊት በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ማን ቆሎ በኪሱ ደብቆ እንደ መጣ ሳያዩ ያውቁብን የነበረውም በዚሁ ጥበብ ነው። ከዕቃው ላይ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተንነው በአየር ሄደው ካፍንጫችን ይደርሳሉ፤ ያልተነነ ነገር አይሸትም። ሊቃውንት «ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች» የሚሏቸው ከእነዚህ መካከል ካርቦን ያለባቸውን ነው። በተቆላ ቡና ውስጥ እንዲህ ያሉ ከ800 የሚበልጡ ውህዶች ተቈጥረዋል። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ እመቤቲቱ ምጣዱን ይዛ በየእንግዳው ፊት ስታዞር የምታቀርበው እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው።

ክፉውም ሽታ እንደዚሁ ስምና ምክንያት አለው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም መሣሪያ ለመግዛት የሚጣደፉ ብዙዎች ምን እንዲያሸትላቸው እንደሚፈልጉ ለይተው አይጽፉም። በጅማና በዙሪያዋ፥ በሰቃም፥ በማናም፥ በጎማም፥ በጌራም፥ ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ሲበረታ የክረምቱ ዝናም ገና ጨርሶ አልወጣም። ቡናው በቀይነቱ ተለቅሞ በጆንያ ታስሮ ካደረ ወይም በወፍራሙ ተቈልሎ ከሰነበተ፥ በልጣጩ ያለው ስኳር ይፈላል፤ አልኮልና ኮምጣጤ ይሆናል፤ ከእነርሱም እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታ ይወጣል። ይህ አንድ ነው። በባዶ አፈር ላይ የተሰጣ ቡና ደግሞ የአፈሩን ሽታ ይወስዳል፤ ከዝናም በኋላ ከመሬት የሚነሣው ሽታ ባለቤት ጂኦስሚን የሚባል ውህድ ሲሆን የአፈር ተሕዋስያን ይሠሩታል። በቂ ሳይደርቅ በጐተራ የገባው ይሻግታል፤ የሻገተውም የራሱን ሽታ ያወጣል። በብራዚል «ሪዮ» ተብሎ የሚታወቀው የመድኃኒት ሽታ ትሪክሎሮአኒሶል ከሚባል ውህድ እንደሚመጣ ታውቋል። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ገዢዎችን ያስጨነቀው «የድንች ጣዕም» አንቴስትያ ከተባለው ትኋን ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ሽታውን የሚሰጠውም ከፒራዚን ወገን የሆነ ውህድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም ቡናው ራሱ ያልወለደው፥ ከውጭ የተቀበለው ሽታ ነው። ቡና እንግዳ የማይመልስ ፍሬ ነውና በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ላምባ፥ ናፍጣ፥ የመኪና ዘይት፥ ቆዳ፥ ሽንኩርት፥ ሳሙና፥ የተባይ መድኃኒት፥ የቤት ጢስ፥ ማንም ቢቀመጥ ይጠጣዋል። ጆንያው ራሱ እንኳ ጠላት ሊሆን ይችላል። የጁት ጭረት በፋብሪካ ሲፈተል እንዲለሰልስ የማዕድን ዘይት ይቀባ ነበር፤ የዚያ ዘይት ሽታ ወደ ምግብ እንደሚገባ በመታወቁ፥ በ1998 (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ስለ ውጭ አገር ነገር በምናገርበት ሁሉ እንዲሁ ነው) የዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት ለቡናና ለካካዎ የሚሆን ጆንያ በአትክልት ዘይት እንዲሠራ የሚወስን ደንብ አወጣ። የአጎቴ ጆንያ ከየትኛው ዘመን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አፍንጫ እንመለስ። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1991 ሽታን የሚቀበሉትን የሕዋስ በሮች የሚያዝዙ ጂኖች አግኝተው ስለዚሁ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሰው ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት በሮች አሉት። አንድ ሽታ አንዱን በር ብቻ አይከፍትም፤ ጥቂቱን ይከፍታል፥ ጥቂቱን ያንኳኳል፥ ሌላውን አልፎ ይሄዳል፤ አእምሮም የተከፈቱትን በሮች አስተያይቶ «ይህ እርድ ነው፥ ይህ ቅቤ ነው» ይላል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አፍንጫ ይደክማል፤ በሽታ ውስጥ የዋለ ሰው ሽታውን ይረሳዋል፤ ጉንፋን ይይዘዋል። በ2012 ዓ.ም. የመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ከብዙ ሕመምተኞች ማሽተትን ለጥቂት ጊዜ፥ ከአንዳንዶቹም ለብዙ ወራት እንደ ወሰደ እናስታውሳለን፤ ኑሮው በአፍንጫው ለተመሠረተ ቀማሽ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ደግሞም አፍንጫ ሊወዳጅና ሊጣላ ይችላል፤ ይህን በዝርዝር መጻፍ አያስፈልገኝም።

መሣሪያው የተፈለገው ስለዚህ ነው። አሠራሩም ከሩቅ እንደሚታየው ረቂቅ አይደለም። በ1962 ናኦዮሺ ታጉቺ የተባለ ጃፓናዊ፥ በቤት ውስጥ የማብሰያ ጋዝ ሲያፈስ ሰው እንዲነቃ፥ ከቲን ኦክሳይድ የተሠራ ትንሽ ጠቋሚ አበጀ። ቲን ኦክሳይዱ በኤሌክትሪክ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። በአየር ያለው ኦክስጅን በላዩ ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሮኖቹን ስለሚይዝበት ኤሌክትሪክ በችግር ያልፋል። አልኮል ወይም ላምባ ወይም ሌላ ተቃጣይ ተን በመጣ ጊዜ ግን ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ይቃጠላል፤ የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ መንገዱም ይከፈታል። መሣሪያው የሚያነበው ይህን የመንገድ መጥበብና መስፋት ነው። የሽታውን ስም አያውቅም። ላምባም ቢሆን፥ አረቄም ቢሆን፥ የመርማሪዋ ሽቶም ቢሆን ለእርሱ ተቃጣይ ተን ነው።

ይህን ጉድለት ለማረም በ1982 በእንግሊዝ አገር በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ክሪሽና ፐርሳውድና ጆርጅ ዶድ ሦስት ልዩ ልዩ ጠቋሚዎችን በአንድነት አድርገው፥ የአንዱን ምላሽ ከሌላው ጋር በማስተያየት ሽታዎችን ለመለየት ቻሉ። በሮቹን የማስተያየት ሥራ፥ አእምሮ የሚሠራው ያው ሥራ፥ ወደ ማሽን ተላለፈ ማለት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጁልያን ጋርድነርና ጓደኞቹ በ12 የቲን ኦክሳይድ ጠቋሚዎች የቡና ዓይነቶችን ለይተው አሳዩ። ስለዚህ «የቡና ማሽተቻ» ተረት አይደለም፤ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ጉዳይ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ በእጅ የሚያዝ ሆኖ በአልትራቫዮሌት መብራት ተኑን ወደ ኤሌክትሪክ ቅንጣት እየለወጠ ጠቅላላ ብዛቱን በቊጥር የሚያሳይ ነው። እርሱም እንደ ፊተኛው የተኑን ስም አይናገርም።

እስከዚህ ድረስ ማሞገሴ ነበር። አሁን ወደ ሰቃ ይዘነው እንምጣ።

የጅማ አገር ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፥ ኦክስጅኑም ያንሳል። ሥራው በኦክስጅን የቆመ ጠቋሚ በባሕር ዳርቻ አገር ተመዝኖ የመጣ ከሆነ፥ እዚህ ሲደርስ ቊጥሩ አንድ አይሆንም። እርጥበት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የውሃ ተን ራሱ የጠቋሚውን መንገድ ይለውጣልና፥ በማለዳ ጉም ሳለ የተለካው ቡናና በቀትር ፀሐይ የተለካው ያው ቡና ሁለት ቡና መስለው ይታያሉ። ማለዳ ያመጣ ባላገር ከቀትሩ ባላገር የተለየ ፍርድ ቢቀበል ጥፋቱ የማን ነው? የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። እንዲህ ያለው ጠቋሚ ዐዲስ ሲሆን ወይም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሲሰነብት፥ ልኩ እስኪረጋ አንድና ሁለት ቀን ሙሉ ሞቆ መቈየት ይገባዋል። በገጠር ጣቢያ መብራት በሄደና በመጣ ቊጥር ይህ ትዕግሥት የሚኖረው ማን ነው? ከዚህም ሁሉ ጋር ጠቋሚው እንደ ሰው ያረጃል፤ የዛሬ ዓመት 50 ያለውን ዘንድሮ 40 ይለዋል፤ በታወቀ ጋዝ በየጊዜው ካልተመዘነ መሳሳቱን ራሱ አይነግራችሁም። ለዚህ የሚሆን የመመዘኛ ጋዝ ጠርሙስ ከመሣሪያው ጋር የጠየቀ ደብዳቤ እስካሁን በእጄ አልገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ይህ ነው። ይህን የመሰለው ርካሽ ጠቋሚ የሚነቃው አብዛኛውን ጊዜ ተኑ በአየር ውስጥ በሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ሲሆን ነው። ትሪክሎሮአኒሶልና ጂኦስሚን ግን፥ የድንቹም ጣዕም፥ ለሠለጠነ አፍንጫ በትሪሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ሆነው ይሰማሉ፤ ከዚያኛው መጠን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በእርግጥ ለይቶ ለማወቅ ተኑን በረጅም ቀጭን ቱቦ አሳልፎ አንድ በአንድ የሚለይ የጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያሻል፤ ይህም የላቦራቶሪ ሥራ እንጂ የሰብሳቢ ደጅ ሥራ አይደለም። እንግዲህ የጅማን ቡና ስም የሚያጠፋው የአፈርና የሻጋታ ሽታ፥ የተገዛው ማሽን ሳይሰማው የቀማሹ አፍንጫ የሚሰማው ነው። ማሽኑን በቀማሹ ወንበር ማስቀመጥ፥ መስማት የሚችለውን ሰው አስነሥቶ ደንቆሮውን ዳኛ ማድረግ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፤ መሣሪያው ዝም ማለቱ ቡናው ንጹሕ መሆኑን አያስረዳም። ሻጋታ የሚሠራው ኦክራቶክሲን የተባለው መርዝ አይተንም፤ ስለዚህ በአየር የሚለካ መሣሪያ ሊያገኘው አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ2023 ጀምሮ በተቆላ ቡና የሚፈቀደውን በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም ወደ 3 ዝቅ አድርጎታል። የተባይ መድኃኒትም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. በግንቦት ወር የጃፓን የጤና ሹማምንት ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴንን የመሳሰለ የተባይ መድኃኒት ቅሪት ከተፈቀደው በላይ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ከዋና ገዢዎቻችን አንዱ የነበረው ያ ገበያ ለጊዜው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ነገሩ ሲመረመር ጥርጣሬው ከገበሬው ማሳ ይልቅ ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ወደቀ። እነዚያ መድኃኒቶች በእጅ በሚያዝ ጠቋሚ የሚገኙ አልነበሩም፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን ያ ዓመት ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ ባላገሩ ያላጠፋውን ጥፋት ዕቃው ሊያጠፋው ይችላል።

አሳቤን የለወጠውም ይህ ነገር ነው። ጠቋሚው ለቡናው ሽታ ደካማ ሲሆን ለላምባ፥ ለናፍጣና ለቀለም ማቅጠኛ ብርቱ ነው፤ መጀመሪያ የተፈጠረውም ለጋዝ መፍሰስ ነውና። እንግዲህ ቡናውን ከማሽተት በፊት ጆንያውን ያሽትት፤ የመኪናውን አልጋ ያሽትት፤ መጋዘኑን ያሽትት። አደራረጉም ቀላል ነው። ክዳን ያለው ንጹሕ በርሜል ይፈለግና የተጠረጠረው ደረቅ ጆንያ በውስጡ ተከቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በፀሐይ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ በጭረቱ የተደበቀውን ተን ያወጣዋል። በአጠገቡ በሌላ እንደ እርሱ ባለ በርሜል፥ ንጹሕነቱ የታወቀ ደረቅ ጆንያ እንዲሁ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ መሣሪያ በተከታታይ ይለካሉ። የሚታየው የአንዱ ቊጥር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የከፍታውም፥ የጉሙም፥ የመሣሪያው እርጅናም ጉዳይ በሁለቱ ላይ በእኩል ስለሚደርስ ከሞላ ጐደል ይጣፋል። በዚህ አደራረግ የማንም ቡና ዋጋ አይወርድም፤ የሚጣለው አንድ ጆንያ ነው። አጎቴ አህዮቹን ከመጫኑ በፊት እንዲህ ያለ በርሜል በሰቃ ቢኖር ኖሮ፥ ገዢው እውነተኛም ቢሆን ሐሰተኛም ቢሆን ቃሉ ባልተፈራ ነበር።

ጆንያው ብቻ አይደለም። ብዙ የገጠር መጋዘኖች ማዳበሪያውን፥ የተባይ መድኃኒቱን፥ የሞተር ዘይቱንና ቡናውን በአንድ ጣራ ሥር ሲያሳድሩ በዓይናችሁ አይታችኋል። ብዙ ፈሳሽ የተባይ መድኃኒት የሚሟሟው እንደ ዛይሊን ባለ ተናኝ ፈሳሽ ነውና፥ በጠርሙሱ ክዳን ቢያፈስ ጠቋሚው ይነቃል፤ ይህም ለቡናው ብቻ ሳይሆን በዚያ መጋዘን ለሚውለው ጥበቃ ሳንባ ይጠቅማል። በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎችም በመብላያው ገንዳ ላይ የአልኮሉን መጨመር ለመከታተል ይረዳ ይሆናል፤ ይህን ግን በመልኮ የሚገኘው የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይመርምሩት፤ እኔ ከዚህ አልፌ ብናገር ድፍረት ይሆንብኛል።

አንዳንዶች «ዋና ጸሐፊ ሆይ፥ አንተ ዐዲስ ነገር ትፈራለህ» ይሉኝ ይሆናል። የምፈራው ዐዲሱን ነገር አይደለም። የምፈራው ቊጥር በተጻፈበት ወረቀት ፊት ባላገሩ የሚሆነውን ነው። አጎቴ ለገዢው «አሳየኝ» ለማለት ችሎ ነበር፤ ለማሽን ግን «አሳየኝ» አይባልም፤ ቊጥሩን አሳይቶአልና። ሰው ሲፈርድ ይሟገቱታል፤ ማሽን ሲፈርድ ተቀምጠው ይቀበሉታል። ስለዚህ በየትኛውም ጣቢያ መሣሪያው ገብቶ ከሆነ፥ ባላገሩ ልኬቱ ሲወሰድ በአጠገቡ ይቁም፤ የንጹሑም ናሙና ልኬት በፊቱ ይደረግ፤ ከቡናው ግማሽ ኪሎ ታሽጎ፥ የሁለቱም ወገን ፊርማ ተደርጎበት፥ ለሁለተኛ ምርመራ ይቀመጥ፤ የመጨረሻውም ፍርድ የቀማሽ እንጂ የማሽን አይሁን። በቊጥር ብቻ የባላገርን ዋጋ የሚቀንስ ጣቢያ ካለ፥ መሣሪያውን ቆልፎ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

አሁን ለሚመጣው የበጀት ዓመት የምታሰናዱትን ዝርዝር በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሽታን ለማሽተት ከመነሣት በፊት ሽታው እንዳይወለድ ማድረግ ርካሽ ነው። ቡናው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይበልጥ ቢከተት ሻጋታው አይነሣም፤ ይህንም የሚናገረው የእርጥበት መለኪያ እንጂ የጋዝ ሴንሰር አይደለም። ከአፈር ከፍ ያለ የአልጋ ማድረጊያ ሽቦና የማታ መሸፈኛ ሸራ የጂኦስሚንን ነገር ከማናቸውም ማሽን ይልቅ ይፈታዋል። ስለዚህ የግዢ መጠየቂያችሁን ስትጽፉ፥ በወረዳችሁ ስንት የመረከቢያ ጣቢያ እንዳለ፥ ከእነርሱም በስንቱ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ እንደሚገኝና መቼ እንደ ተመዘነ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስፍሩ። የሴንሰሩ ጥያቄ ከዚያ መስመር በታች ቢመጣ፥ ከመመዘኛ ጋዙና ከሁለት ክዳን ካላቸው በርሜሎች ጋር ሆኖ፥ እኔ በበኩሌ ወረቀቱን በዚያው ቀን አሳልፈዋለሁ።